የትሬቢዩስ ነጭ ቶጋ

ሮም በተቆረቆረች በስድስት መቶ ዘጠናኛው ዓመት፣ ሹማምንት የሚመረጡበት የበጋ ወር በገባ ጊዜ፣ የልብስ አጣቢዎቹ ሰፈር ከሩቅ ይከረፋ ነበር። ላምፖን የተባለው ግሪካዊ ባሪያ ልብስ የሚያነጣ የከረመ ሽንት በሞላው ገንዳ ውስጥ ቆሞ የጌታውን የትሬቢዩስን ቶጋ፣ ያንን የሮማውያን ረጅም ኩታ፣ በእግሩ ይረግጣል፤ የቁርጭምጭሚቱ ቆዳ ተልጦ መግሏል። ትሬቢዩስ የገበያና የመንገድ ሹመት ፈላጊ ነበር፤ ሹመት ፈላጊም የሚያበራ ነጭ ቶጋ መልበስ ነበረበትና፣ ቶጋው ካበራለት ነፃ ሊያወጣው ምሎለታል፤ ላምፖን ያን ግማት የታገሠው ስለዚህ ነው።

የላምፖን ወንድም ዲፊሎስ ደግሞ በትሬቢዩስ ቤት የሰዋስው መምህር የሆነ ባሪያ ነው። ትሬቢዩስ አስጠራውና፣

«እስኪ አንተ ሊቅ፣ ይሄ ካንዲዱስ የምንለው ቅጽል ከየት መጣ? ንግግሬ ውስጥ ላስገባው ነው» አለው።

«ጌታዬ፣ ሮማይስጥ ሁለት ነጭ አለው፤ ደብዛዛው አልቡስ፣ የሚያበራው ካንዲዱስ ነው። ካንዴዎ ከሚለው ግሥ ይወጣል፤ ጋለ፣ አበራ ማለት ነው። ለወንድ ካንዲዱስ፣ ለሴት ካንዲዳ፣ ከሁለቱም ላልሆነው ካንዲዱም ይባላል፤ ቶጋ በሴት ስለሚጠራ ቶጋ ካንዲዳ እንላለን። ለሰው ሲነገር ደግሞ ልቡ ንጹሕ ማለት ነው።»

«ልቡ ንጹሕ! እኔን እኮ ነው!»



በማግስቱ ትሬቢዩስ አፍንጫውን ይዞ ወደ ገንዳው መጣ።

«እስካሁን አልደረሰም? የሚያነጣውን ጠመኔ ቀባውና አምጣው!»

«ጌታዬ፣ በንጹሕ ውኃ ሳይለቀለቅ ከተቀባ ፀሐይ ሲነካው ይሸታል፤ አንድ ቀን ይስጡኝ።»

«አንድ ቀን ሙሉ ከአደባባይ ልጥፋልህ? ቀባ ብያለሁ!»

ቀባው።

ሹመት ፈላጊ እንደ ወጉ ቶጋውን በባዶ ገላው ለብሶ የመራጩን ሁሉ እጅ ይጨብጣል። እኩለ ቀን ላይ ላቡ ከጠመኔው ጋር እንደ ሊጥ በደረቱ ወረደ፤ ሽታውም ተነሣ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ በየትኛው ቦይ ተኝተህ መጣህ?» ሲል አንድ ሥጋ ሻጭ ጮኸ፤ አደባባዩ በሳቅ ተናወጠ። ይሁንና መራጮቹ ከሳምንት በፊት ትሬቢዩስ በደገሰላቸው ግብዣ አሳማውን በልተው ነበርና፣ እየሳቁም መረጡት።

ቤት ሲገባ፣ «በሕዝብ ፊት አዋርደኸኝ ነፃነት ያምርሃል? ተመለስ ወደ ገንዳህ!» አለው ላምፖንን።

«ጌታዬ፣ ያዘዙት እርስዎ ነዎት» አለ ዲፊሎስ።

«አንተንም ልጨምርህ?»

ዲፊሎስ ወደ ተማሪዎቹ ተመለሰ፤ ራሱንም ተጸየፈ። ላምፖን ክረምቱን ሳያይ እግሩ በስብሶ ሞተ።

ትሬቢዩስ አርጅቶ፣ ጠግቦ፣ በአልጋው ላይ ሞተ። ወራሾቹ ለመቃብሩ ድንጋይ የሚሆን ቃል ሲጠይቁ፣ ዲፊሎስ ካንዲዱስ ብሎ ጻፈ። አላፊ አግዳሚውም ያንን አንብቦ ስለ ሟቹ ንጽሕና አወራ፤ የላምፖን ስም የትም አልተቀረጸም። ዲፊሎስ ግን በዚያ ድንጋይ አጠገብ ባለፈ ቁጥር አፍንጫውን ይይዝ ነበር፤ ይህንንም የጻፈለት የለም።