አንድ ቅርንጫፍ፣ አንድ ደቂቃ

ወንድሟ የወረወረው የቅጠል ማድረቂያ ሰሌዳ ከራሷ በላይ አልፎ ግድግዳው ላይ ተንኮታኮተ። በጋዜጣ መሃል ተጭነው የነበሩት ቅጠሎች ወለሉ ላይ ተበተኑ።

«አሥራ አራት ቅጠል ነው!» ወንድሟ ቆሞ ይጮኻል። «ቆጥሬዋለሁ እኮ!»

«አንድ ቅጠል ነው» አለች፤ የተበተኑትን እየለቀመች። «አሥራ አራት ቦታ የተከፋፈለ አንድ ቅጠል። እንቡጡን ፈልግ ብዬሃለሁ። እንቡጥ የሚወጣው ዋናው ቅጠል ከቅርንጫፉ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ነው። እነዚህ ትንንሾቹ ሥር እንቡጥ አለ? የለም።»

«አቦ አታካብጂ! ፕሮፌሰር ነኝ ነው የምትይው?»

«ፕሮፌሰር አይደለሁም። ግን ሁለቴ የወደቅሁትም እኔ አይደለሁም።»

የደነገጠችው ካመለጣት በኋላ ነው። ጥፊው ሲያርፍባት ግራ ጆሮዋ ጭው አለ። እናቷ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋን ለአፍታ አቆመችና ሁለቱንም አየቻቸው። ከዚያ ስፌቷን ቀጠለች።

እሷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ወንድሟ ሃያ ሁለት። የሰፈር ልጆች ድማሚት ይሉታል፤ እንደዚህ የሚሉት ግን እሱ በሌለበት ነው። የደን ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈተና ላይ ሲቀመጥ ይህ ሦስተኛው ነው፤ አራተኛ የሚባል ነገር የለም። የጽሑፉን አልፏል። ነገ ጠዋት የተግባሩ ነው፦ በረጅም ጠረጴዛ ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው ሃያ ቅርንጫፎች ይደረደራሉ፤ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ፣ ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው። ለአንድ ቦታ አርባ ሰው ይወዳደራል፤ አምና በአንድ ቅርንጫፍ ብቻ ተበልጧል። የሚያስጠናው ሰው ሲያጣ እሷ ላይ ወደቀ፤ እሷ ደግሞ ቅጠል ትወዳለች። የባዮሎጂ መጽሐፏን የዕፀዋት ምዕራፍ ሳትታዘዝ ሦስት ጊዜ አንብባዋለች።

አባታቸው የደን ጠባቂ ነበር። አምና ዛፍ ሊሰርቁ የገቡ ሰዎች በመጥረቢያ ጨፈጨፉት። ሆስፒታል ሁለት ቀን ቆይቶ ሞተ፤ ሳይሞት ግን የመታውን ሰው ለእናታቸው ነግሯታል፦ ከመጋዝ ቤቱ ጀርባ የሚኖረው ጣውላ ሰንጣቂ። ፍርድ ቤቱ ሌላ ምስክር ስላጣ ሰውየውን ለቀቀው። ከዚያ ወዲህ በዚህ ቤት ከበቀል ሌላ ወሬ የለም። የደን ጠባቂ ጠመንጃ ይይዛል። «ጠመንጃውን የተረከብክ ዕለት...» ትላለች እናቷ፤ ወንድሟ የቀረውን ይጨርስላታል። እሷ ግን የኀዘን ወሬ ነው፣ ቀስ ብሎ ይበርዳል ብላ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ትኩስ ቅርንጫፍ ሊለቅሙ ወጡ። የደረቀ ቅጠል ቀለሙ ስለሚለወጥ በመጨረሻው ቀን ትኩሱን ማየት ይሻላል። ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ጥቂት ቆረጡ፤ ጆሮዋ አሁንም ይጮህባታል። መጋዝ ቤቱ ጥግ ሲደርሱ ጣውላ ሰንጣቂው የትንሽ ሴት ልጁን እጅ ይዞ ብቅ አለ።

ወንድሟ የያዛቸውን ቅርንጫፎች ቅጠላቸው እንዳይረግፍ ተጠንቅቆ አቀበላት። ከዚያ ሄዶ ሰውየውን አፉ ላይ በቦክስ ነረተው።

ሰውየው በጀርባው ወደቀ። እንዲነሣ እንኳን አልጠበቀውም፤ ጎኑን በእርግጫ አንዴ፣ ሁለቴ መታው። በሦስተኛው የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማች። ትንሿ ልጅ «አባዬ! አባዬ!» እያለች የወንድሟን ሱሪ ስትጎትት በክርኑ ገፍቶ አስፋልቱ ላይ ጣላት። እሷ ቅርንጫፎቹን ታቅፋ እንደቆመች ቀረች። አልጮኸችም፣ አልያዘችውም። በዚህ በጣም አፈረች።

የመጋዝ ቤት ሠራተኞች ሮጠው ወጥተው አላቀቋቸው። ሰውየው ጥርስ ከደም ጋር ተፋ።

«ዛሬ በእጄ ነው» አለው ወንድሟ እያለከለከ። «በሚቀጥለው በእጄ አልመጣም። ልጅህ እያየች ነው የምደፋህ!»

በእሷና በሰውየው መካከል ሦስት እርምጃ ነው ያለው። ፊቱን አየችው። አባቷን የገደለው ሰው ይህ ነው፤ ትጠላዋለች። ልጅቷ ግን ጉልበቷ ደምቶ አጠገቡ ተቀምጣ በቀሚሷ ጫፍ አፉን ትጠርግለታለች።

ቤት ሲገቡ እናቷ የልጇን ያበጠ እጅ አየች። «እሰይ! የአባቱ ልጅ!» አለች። «በል ታጠብና ቁጭ በል፤ ነገ ፈተና ነው።»

ታጥቦ መጣና ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ቁጣው ወጥቶለት ልዝብ ብሏል። «ጆሮሽን አመመሽ እንዴ? በቃ አትኮሳተሪ። ጠይቂኝ ፕሮፍ።»

ቅርንጫፎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ አደረገችለት። ዋንዛ፣ ብሳና፣ ወይራ፣ ግራር፤ አሥራ ስምንቱን ሳይደናቀፍ መለሰ። በደህና ቀን ቢሆን ትጨፍር ነበር። አሁን ግን በትክክል በመለሰ ቁጥር ጠመንጃው ወደ እጁ አንድ እርምጃ ይቀርባል።

አሥራ ዘጠነኛው ከትምህርት ቤቱ አጥር ሥር የቆረጠችው ነው፤ ቅጠሎቹን የምትመዘግብበት ደብተሯ ውስጥ የለም። ቅጠሉ እንደ መርፌ ቀጭንና የሚዋጋ ነው።

«ዝግባ» አለ ወዲያው። «ልጅ ዝግባ። ልክ ነኝ?»

አልነበረም። ጥድ ነው። ጥድ ገና በልጅነቱ ቅጠሉ መርፌ ነው፤ ሲያድግ ግን እንደ ቅርፊት ተደራርቦ ቅርንጫፉ ላይ ይለጠፋል። ትልቁን ብቻ ያጠና ሰው ትንሹን አይለየውም፤ ፈታኞቹም ይህን ያውቃሉ። ልክ ነህ ብትለው በቃ፤ ነገ ይወድቃል፣ ማንም አይጠረጥራትም። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር። ግን በቅጠል ዋሽታ አታውቅም፤ ደግሞም በውሸት ብታስቆመው ወንድሟ ነገ ሌላ መንገድ ይፈልጋል።

«ተሳስተሃል። ጥድ ነው» አለችና ምክንያቱን አስረዳችው።

ፊቱ በራ። «ፕሮፍ! አንቺ ባትኖሪ እኮ አለቀልኝ!»

«ነገ አብሬህ እመጣለሁ» አለች። «ፈታኞቹን አነጋግራለሁ። ዛሬ መንገድ ላይ ያደረግከውንና ያልከውን በሙሉ እነግራቸዋለሁ። ጠመንጃ እንዳይሰጡህ።»

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ምን አለች?» አለች እናቷ። «የአባትሽ ደም ውሃ ነው?»

«አባቴን እኔም ነው ያጣሁት፣ እማዬ። እሱን ደግሞ እስር ቤት ሄጄ መጠየቅ አልፈልግም።»

«ቀልድሽን ነው» አለ ወንድሟ። ድምፁ ቀጥኗል። «አታደርጊውም በይ።»

«አደርገዋለሁ።»

ቡጢው አፍንጫዋ ላይ አረፈ፤ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ወደቀች። ዓይኗ ጨለመ፤ ትኩስ ደም ከንፈሯ ላይ ወረደ። ፈርታለች፤ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። እሱ እጁን እንደጨበጠ ቆሞ ይተነፍሳል።

ጠረጴዛውን ይዛ ተነሣች። ደሟን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ወደ በሩ ሄደች። የትምህርት ቤት ጫማዋን አነሣችና ቀለም እየቀባች፣ ጀርባዋን ለሁለቱም ሰጥታ፣ «ፈተናው ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው?» ብላ ጠየቀች።