ያን ሌሊት ፋኑ ዝም አለ

አክሊሉን ጠዋት ያገኘችው እህቱ ሶስና ናት። ከጌም ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ በተዘረጋ ፍራሽ ላይ፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ስቦ ተኝቷል። ፊቱ ቀላ ስላለ ቢጠሩት የሚነሳ ይመስል ነበር። ጠራችው፤ አልተነሳም። እግሩ ሥር የሷው የከሰል ማንደጃ አመዱን ታቅፎ ተቀምጧል። መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል።

ሆሳዕና ከተማ ላይ ወሬ አያድርም። ረፋዱ ላይ መናኸሪያው አካባቢ ባሉት ሻይ ቤቶች ነገሩ ተፈርዶ አልቆ ነበር፦ እህቲቱ እሳት አስገብታለት ረስታው፣ የከሰል ጭስ ጨረሰው። «ምስኪን!» ይላሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ረስታ ነው ወይስ አስባበት?» ይላሉ። የሰው አፍ መቼም ክፉ ነው። ከሁሉ የባሰው ግን ሶስና ራሷ ማመኗ ነው።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች፣ ኢንስፔክተር ትርፊት ገና ደጃፉን ስትረግጥ። «ማንደጃው የኔ፣ ከሰሉን ያቀጣጠልኩትም እኔ። እሰሩኝ።»

ትርፊት የዶዮገና ሴት ናት፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ እንባ አይታ የማትቸኩል። «ማሰሩ የትም አይሄድም። ቁጭ በይ» አለቻት። «ማንደጃውን እዚህ ያስገባሽው አንቺ ነሽ?»

«ወጥ ቤቱ ደጃፍ የተውኩት ይመስለኝ ነበር። እጮኛዬ እንድርያስ ራት መጥቶ ነበር። በልተን ስንጨርስ ድስቱ ገና ከላዩ አልወረደም። ‹ደክሞሻል፣ ተኚ፣ ድስቱን እኔ አወርደዋለሁ› አለኝ። ደግ ነው። ገብቼ ተኛሁ። ከዚያ ተነስቼ አስገብቼለት ይሁን… አላውቅም! እንድርያስም ‹ረስተሽው ነው› ይለኛል። ጭንቅላቴ ዞሯል።»

«ከዚህ በፊት እሳት አስገብተሽለት ታውቂያለሽ?»

«አንዴ። ጮኸብኝ። ‹ካርዱን ልትቀቅይብኝ ነው?› ብሎ ማንደጃውን ደጅ ወረወረው።»

«የምን ካርድ?»

ሶስና ወደ ኮምፒውተሩ አመለከተች። የጌሙን ምስል በስክሪኑ ላይ የሚሥለው ግራፊክስ ካርድ ያገለገለ ነው፤ ከጎረቤቱ ከፈትሁዲን የተገዛ። ቶሎ ይግላል። አክሊሉ ለዚያ ካርድ ሲል በነሐሴ ብርድ መስኮት ከፍቶ ነበር የሚያድረው።

«‹ብርዱ ለኔ አይደለም፣ ለካርዱ ነው› ይላል። አቧራውን በጠረገ ቁጥር ከባዱን ጌም ከፍቶ፣ ራሱን ችሎ እንዲሄድ ይተወውና አጠገቡ ይተኛል። ሙቀቱ ሰማንያ ዲግሪ ካለፈ ካርዱን የሚያቀዘቅዘው ፋን ይጮኻል። መድፍ ቢተኮስ የማይነቃ ሰው፣ ፋኑ ሲጮህ ዘሎ ይነሳል። ትናንትም ጠርጎት ነበር።»

ሳጅን አበራ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኢንስፔክተር፣ ሐኪሙ የከሰል ጭስ ነው ብሏል እኮ። ምን ያንዛዛናል?»

«ጭሱ መግደሉን ነግሮኛል። ማንደጃው በእግሩ ሄዶ መግባቱን ግን አልነገረኝም።»

ክፍሏን ዞረች። መስኮቱ እንዳይዘጋ የሚደገፍበት ስባሪ ብሎኬት ከቦታው ተነስቶ፣ ጥግ ላይ በወግ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ማንም ሳያጠፋው ጠፍቷል፤ ሶኬቱ ግን አልተነቀለም። ትርፊት ከንፈሯን ነከሰች። ይህች ክፍል ደስ አላለቻትም።

ፈትሁዲን ከኮምፔርሳቶው ግድግዳ ማዶ ስልክና ኮምፒውተር ይጠግናል፤ የሚያድረውም እዚያው ነው። ገና ሳይጠየቅ ላብ አጠመቀው።

«ካርዱን የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ሰው ፊት ተጣልተናል፣ አልደብቅም። ግን ያገለገለ መሆኑን ነግሬዋለሁ፣ ወላሂ!»

«ጋሽ ፈትሁዲን፣ ስለ ጠቡ አልጠየቅኩዎትም። ያን ሌሊት ምን ሰሙ?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«እሱ እኮ ነው የገረመኝ! ያ ፋን ሲጮህ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። እኔ ግድግዳውን እደበድባለሁ፣ እሱ ይነሳል፣ በነጋታው እንሳደባለን። ያን ሌሊት ግን እንደ ሕፃን ተኛሁ። ያ አላህ! ለካ እኔ ሳንኮራፋ ጎረቤቴ እየሞተ ነው።» ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

እንድርያስ ለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ከሶስና ጎን አልተለየም። ሸሚዙ ንጹሕ፣ ንግግሩ ለስላሳ የሆነ መምህር ነው። ሽማግሌ ልኮ እሺ ተብሏል፤ እሁድ የጋብቻቸው ማስታወቂያ በቤተ ክርስቲያን ሊነበብ፣ ተቃውሞ ያለው ካለ ሊጠየቅ ነበር።

«ራት በላሁ፤ ስወጣ አክሊሉን ልሰናበተው ብቅ አልኩ» አለ። «ተኝቷል፤ አልቀሰቀስኩትም።»

«ክፍሉ እንዴት ነበር?»

«ሰላም ነበር። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ብርድ ነው መቼስ። ማንደጃው እግሩ ሥር ነው። ኮምፒውተሩ ይሠራል፣ ፋኑ እንኳን አይሰማም። ወይኔ! ምነው ያኔ ባወጣሁት!»

«ኮምፒውተሩን እርስዎም ይነኩታል?»

«አክሊሉ አስተምሮኝ፣ አልፎ አልፎ።»

«ሆሳዕና ከመዛወርዎ በፊት የት ነበር የሚያስተምሩት?»

«ቦኖሻ።» መልሱ ፈጣን ነበር፤ ዓይኑ ግን ወደ ሶስና ሮጠ።

ሶስና ቀና አለች። «አክሊሉ እኮ በቀደም ቦኖሻ ደርሶ መጣ! ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድለት አለ። ምን ሆንክ ስለው ‹እሁድ ሳይደርስ አንድ ሰው የሚነግርሽ ነገር አለ› አለኝ።»

ትርፊት አበራን አየችው። አበራ ኮፍያውን አንስቶ ወጣ። ያን ዕለት ደመናው ከተማዋ ላይ እንደተደፋ ዋለ፤ ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ለቀስተኞችም ሳይታወቃቸው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

በነጋታው፣ አበራ ከተመለሰ በኋላ፣ ትርፊት ሦስቱንም አክሊሉ የሞተባት ክፍል ሰበሰበቻቸው። ሶስና ፍራሹን ላለማየት ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። በሩ ላይ አበራ ቆሟል።

«ጋሽ ፈትሁዲን፣ ኮምፒውተሩን ያብሩልኝ። ከባዱን ጌም ይክፈቱ። አበራ፣ መስኮቱን ዝጋ።»

ጠበቁ። በስክሪኑ ጥግ የካርዱ ሙቀት ይቆጥራል። ስልሳ። ሰባ ሁለት። ሰማንያ። ሰማንያ ስምንት። ክፍሏ ታፍናለች፤ ፋኑ ግን እሽ እንኳን አላለም።

«ምነው አይጮህም?» አለች ሶስና፣ ሳትወድ ዘወር ብላ።

ፈትሁዲን ሴቲንጉን ከፈተና ደርቆ ቀረ። «አውቶማቲክ አይደለም! ፋኑን አንድ ሰው ሠላሳ በመቶ ላይ ቸንክሮታል። ካርዱ ቢነድ እንኳን ፍጥነት አይጨምርም።»

ቆየት ብሎ ኮምፒውተሩ ከሙቀቱ የተነሳ ድርግም ብሎ ጠፋ።

«ያን ጠዋት እንዳገኘነው» አለች ትርፊት። «አሁን አክሊሉ እንደሚያደርገው ይመልሱልኝና እንደገና ይሞክሩት።»

ሁለተኛው ጊዜ ቁጥሩ ሰማንያን ሲያልፍ ፋኑ ጮኸ። ኮምፔርሳቶው ተንቀጠቀጠ። ሶስና ጆሮዋን ይዛ እዬዬ አለች፤ የወንድሟ ሌሊት ያ ድምፅ ነበርና።

ትርፊት ከጩኸቱ በላይ ተናገረች። «ፋኑን ዝም አሰኝቶ፣ መስኮት ዘግቶ፣ እሳት ያስገባ ሰው አልረሳም። አክሊሉን የሚቀሰቅሰው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ያውቃል።»

«ታዲያ ጌሙን ለምን አላጠፋውም?» አለ አበራ።

«ወፍጮ ቤት የሚያድር ሰው ወፍጮው ሲቆም ይነቃል። ጌሙ ቢጠፋ ዝምታው ይቀሰቅሰው ነበር። ስለዚህ ጭሱ ሥራውን እስኪጨርስ ፋኑ ሳይቆም፣ ሳይጮህም መሽከርከር ነበረበት።»

ፈትሁዲን ከስክሪኑ ዘወር አለ። «እኔን ነው የሚሉት?»

«እርስዎ ቢሆኑ ‹ሲጮህ ሰምቻለሁ› ብለው ይገላገሉ ነበር። ዝምታውን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት። ሶስና፣ እንድርያስ ‹ተኚ› ሲልሽ ማንደጃው የት ነበር?»

«ውጪ። ድስቱ ላዩ ላይ…» ሶስና አፏን ያዘች። «ድስቱ ላዩ ላይ ነበር!»

«ድስቱን ያወረደው እሱ፤ ከዚያ ቀጥሎ ወደዚህ የገባውም እሱ። ማንደጃው ታዲያ በየት በኩል ቀደመው? መምህር እንድርያስ፣ አየሁ ያሉኝን ሁሉ አይተዋል። መስኮቱ ተዘግቶ፣ እሳቱ ገብቶ፣ ፋኑ ዝም ብሎ። ያን ሁሉ ያዩት እርስዎ ስላደረጉት ነው።»

«እኔ ምን በደለኝ ብዬ ነው የምገድለው?» እንድርያስ ፈገግ ሊል ሞከረ።

አበራ ከበሩ ሳይነቃነቅ ተናገረ። «ቦኖሻ ማራኪ የምትባል ሴት አለች። ሕጋዊ ሚስትህ ናት፤ ልጅህንም አሳየችኝ። አክሊሉ ሄዶ ጠይቋት ነበር።»

ፈገግታው ጠፋ። እንድርያስ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። «እስከ እሁድ ጊዜ ሰጠኝ» አለ። «‹አንተው ንገራት፣ ሰው ፊት ላዋርድህ አልፈልግም› አለኝ። እንዴት ብዬ ልንገራት? አጣት ነበር እኮ!»

ሶስና ሄዳ ፊቱ ቆመች።

«ከሰሉን ያቀጣጠልኩት ላንተ ራት ልሠራ ነበር» አለችው። «በዚያው እሳት! ከዚያ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጠህ ‹ረስተሽው ነው› አልከኝ። ቀኑን ሙሉ እጄን ይዘህ!»

አበራ አስነስቶ ወሰደው። ፈትሁዲን እያለቀሰ ተከተላቸው።

ፋኑ አሁንም ይጮኻል። ትርፊት ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ ሶስና ከለከለቻት። ሄዳ መስኮቱን ከፈተች፤ ስባሪውን ብሎኬት ከጥግ አንስታ ቦታው ላይ አስደገፈችው። የነሐሴ ብርድ ገባ። ቁጥሩ ቀስ በቀስ ወረደ፣ ፋኑም አብሮት እየበረደ ሄደ። ሶስና ያን ጊዜ ወደ ፍራሹ ዞረችና በጉልበቷ ወደቀች።

«እኔ አይደለሁም፣ አክሊዬ» አለች። «ውጪ ነበር የተውኩት።»