ከኮረብታው ጣቢያ የመጣው ንባብ

ፈጠራ ነው የሚል ካለ አልፈርድበትም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው አላምንም ነበር። ግን የደረሰው በእኔ ላይ ነው...

ማክሰኞ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቅጠል መርገፍ የጀመረበት ሰሞን።

የምሠራው በአየር ትንበያ ቢሮ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ የአካባቢውን የሳምንት ትንበያ አዘጋጃለሁ፤ አመሻሽ ላይ በሬዲዮ ይነበባል። የዚያ ሳምንት ነገር ጨርሶ አላማረኝም። ረቡዕ ከባድ ዝናብ፣ ሐሙስ ነጎድጓድ፣ አርብ ጋብ ይልና ቅዳሜ ደግሞ ይብሳል። ሰማዩ በግራ ጎኑ የተነሳ ይመስል ነበር።

ያላወቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወጀቡ ዛሬ ይገባል ወይስ ነገ?

ይህን የሚነግረን የኮረብታው ጣቢያ ነው። እዚያ ያለው ደግሞ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከቅጥነቱ የተነሳ ቤተሰቡ ሁሉ ጭራሮ ይለዋል። አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ብቻውን እያደረ ውጭ ያሉትን መሣሪያዎች ያነባል። የዚያን ቀን ተራው አልቆ ወደ ቤት ሊወርድ ነበር።

መንገዱ ላይ ግን ዝቅ ያለ ድልድይ አለ። ወጀብ ሲመጣ ወንዙ ይውጠዋል። ባለፈው ዓመት አንድ መኪና ከነሾፌሩ ወስዷል። ወጀቡ ነገ ከሆነ ጭራሮ ቶሎ መውረድ አለበት፤ ዛሬ ከሆነ ደግሞ ንቅንቅ ማለት የለበትም።

ልቤ ተሰቅሎ ስጠብቅ የቢሮው ስልክ ጠራ።

"ጭራሮ ነኝ። ነፋስ የለም። ዝናብ የለም። ሙቀት ሃያ አንድ።"

ድምፁ የእሱ ነው...

በመስኮቱ ወደ ኮረብታው አየሁ። ጥቁር ደመና ውጦታል። መብረቁ ደጋግሞ ቦግ ይላል።

የሚያጠራጥር ንባብ ሲመጣ "ውጣና እንደገና አንብብ" ማለት የቢሯችን ደንብ ነው። ጭራሮ ይህን በሰማ ቁጥር ዓይኔን አታምኚም ወይ እያለ ይነጫነጫል።

የዚያን ቀን ግን ስለው አልተነጫነጨም።

"ሙቀት ሃያ አንድ" አለ ወዲያው። አልወጣም ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ከጀርባው የዝናብ ድምፅ አይሰማም። ጣሪያው እኮ ቆርቆሮ ነው...

ብርዱን ፈርቶ ከክፍሉ ውስጥ የሚያነብ መሰለኝ። ተናደድኩ።

"ውጣ አልኩህ።"



"ልውጣ?"

"ውጣ።"

"እሺ። አንቺ ካልሽ እወጣለሁ።"

የስልኩን እጀታ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ሰማሁ።

በዚያው ቅጽበት ሞባይሌ ጠራ።

ጭራሮ ነው።

"እታለም፣ ትሰሚኛለሽ?" ዝናቡ ድምፁን ሊውጠው ምንም አልቀረው። የጣቢያው ስልክ ከጠዋት ጀምሮ እንደሞተ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ከክፍሉ ራቅ ያለ ድንጋይ ላይ እንደወጣ ነገረኝ። ልውረድ ወይስ ልቆይ አለኝ።

የቢሮውን ስልክ መነጋገሪያ በእጄ ከደንኩ።

"ክፍሉ ውስጥ ማን አለ?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ማን ይኖራል? ቆልፌው ነው የወጣሁት።"

መልስ ከመስጠቴ በፊት ትንፋሹ ተቀየረ።

"እታለም... በሩ ተከፈተ።"

"ማን ከፈተው?"

"ከውስጥ ነው..."

ውጣ ያልኩት እኔ ነኝ። በገዛ አፌ። ወንዙ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ ቆይ እንዳልለው ግን እዚያ ከማን ጋር ይቆያል?

"ውረድ" አልኩት። "ዞር ብለህ አትይ። ሩጥ።"

መስመሩ ተቋረጠ።

የቢሮውን ስልክ ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። ብዙ ሳይቆይ እጀታው ሲነሳ ሰማሁ።

"ነፋስ ከሰሜን፣ ከባድ" አለ በወንድሜ ድምፅ። "ዝናብ፣ ከባድ። መንገዱ ላይ አንድ ሰው ይሮጣል።"

...

"እንደገና ልውጣ?"

"አይ" አልኩ። "አትውጣ። የክፍሉን ሙቀት አንብብልኝ።"

"ሃያ አንድ።"

"እንደገና።"

"ሃያ አንድ።"

ያኔ ገባኝ። ያ ነገር ስልኩ ላይ እስካለ ድረስ መንገዱ ላይ አይደለም።

አለቃችን ትንበያውን ሊወስድ ገባ። ያለ ቀልድ በር የማይከፍት ሰው ነው፤ ፊቴን ሲያይ ግን ቀልዱን ዋጠው። እጀታውን ወደ ጆሮው አስጠጋሁለት። ሰማ። አንድም ነገር ሳይጠይቀኝ "ዛሬ" ብዬ የጻፍኩበትን ወረቀት አነሳና ለሬዲዮው ራሱ ሊያነብ ወደሚቀጥለው ክፍል ሄደ። ወጀቡ ዛሬ እንደሚገባ፣ ሳምንቱን ሙሉ ሰው ከወንዝ ዳር እንዲርቅ ሲያነብ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።

እኔ እንደገና እላለሁ። እሱ ሃያ አንድ ይላል። አንድ ጊዜ እንኳ አልሰለቸውም።

ሊመሽ ሲል በሩ ተከፈተ።

ጭራሮ ነበር። ከራስ ጸጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ ርሷል። ድልድዩን ሲያልፍ ውሃው ጉልበቱ ድረስ ነበር። በአንድ እጄ ስልኩን እንደያዝኩ በሌላው አቀፍኩትና አለቀስኩ።

"ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" አለኝ።

"ከጣቢያው።"

አፍጥጦ አየኝ። ከዚያ ቦርሳውን ከጀርባው አወረደና ከፈተው። የጣቢያውን ስልክ ከነገመዱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ሊያስጠግነው ብሎ ጠዋት ነቅሎት ኖሯል።

ጆሮዬ ላይ ያለው ድምፅ ግን አላቆመም።

"ሃያ አንድ" አለ።

"እስከ መቼ ላንብብ?"