ለጓደኛዬ የፈጠርኩላት ጓደኛ

ፈጠራ ነው የሚለኝ ሰው ካለ አልከራከረውም። እኔም በሌላ ሰው ደርሶ ብሰማው ኖሮ አላምንም ነበር።

የደረሰው ግን በኔ ነው።

መጋቢት ወር፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ኩኦፒዮ ከተማ፣ እናቴ ቤት፣ ወጥ ቤት ውስጥ። ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ውጪ ፀሐይዋ በረዶው ላይ አርፋ ዓይን ትወጋለች፣ በረዶ ሆኖ የረጋው ሐይቅ ላይ ሰዎች በስኪ ይንሸራተታሉ።

እንዲህ ባለ ብርሃን ሰው ምን ያስፈራዋል ትሉ ይሆናል...

ቆዩ። ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሳይሚ ነበር የምባለው። ከትምህርት ቤት ስመለስ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሃላካሊዮ መግባት።

ሃላካሊዮ የአስማት ትምህርት ቤት ነው። እውነተኛ አይደለም። የአስማት ታሪክ የምንወድ ልጆች ተሰባስበን ኢንተርኔት ላይ የሠራነው ዓለም ነው። እያንዳንዳችን አንድ ተማሪ እንፈጥራለን። አንዱ ተማሪው ያደረገውንና የተናገረውን አንድ ሁለት አንቀጽ ይጽፋል፣ ሌላው ከዚያ ተቀብሎ ይቀጥላል። እንዲህ እየተቀባበልን አንዱን ታሪክ ዓመታት እናስኬደዋለን።

አንድ ጥብቅ ሕግ አለን። በሌላ ሰው ተማሪ እጅህን አታስገባም። የኔን እኔ፣ ያንተን አንተ።

የኔ ተማሪ ሶልቫ ትባላለች። የልብ ጓደኛዋ ኤርና ናት፤ የሚያድሩትም አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ኤርናን የምትጽፋት ደግሞ ሬታ የምትባል የኦውሉ ከተማ ልጅ ናት።

ከሬታ ጋር አራት ዓመት ጻፍን። ፊቷን አይቼው አላውቅም፣ ድምፅዋንም ሰምቼው አላውቅም።

"ፊትሽን ካየሁ ሶልቫ ትጠፋብኛለች" ብላኝ ነበር። ስለዚህ ላንተያይ ተማማልን። መሐላው ደስ ይለኝ ነበር። የሁለታችን ብቻ የሆነ ነገር ነበር።

ከዚያ መልሷ መዘግየት ጀመረ።

አንድ ቀን... ሦስት ቀን... ሳምንት...

"ፈተና ደርሶብኝ ነው፣ ሳይሚ" ትለኛለች። እኔ ግን ከሌሎች ጋር ስትጽፍ አያታለሁ። በየቀኑ። ስትስቅ። ስትቀልድ።

ቅናት ምስጥ ነው። ድምፅ የለውም። ቤቱ እንደቆመ ውስጥ ውስጡን ይበላል።

የካቲት ላይ አንድ ነገር አደረግሁ።

በሌላ ስም ሁለተኛ አካውንት ከፈትኩ። ቪርቫ አልኳት። "አዲስ ነኝ፣ የኬሚ ከተማ ልጅ ነኝ፣ አብሮኝ የሚጽፍ ሰው የለኝም" ብዬ ለሬታ ላክሁላት። ለቪርቫም አንዲት ተማሪ ሰጠኋት፤ በዓመቱ አጋማሽ፣ ያለ ሻንጣ፣ ብቻዋን ወደ ትምህርት ቤቱ የመጣች ዝምተኛ ልጅ።

ሬታን ልፈትናት ነበር። ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበረኝም።

መልሷ በስንት ጊዜ እንደመጣ ታውቃላችሁ?

በአራት ደቂቃ።

ከዚያ በኋላ ማቆም አቃተኝ። በየቀኑ ቪርቫን ሆኜ እጽፋለሁ፣ ሬታ ወዲያው ትመልሳለች። ለኔ ነግራኝ የማታውቀውን ለቪርቫ ትነግራታለች። አባቷ ጥሎ እንደሄደ። ማታ ማታ እንደምታለቅስ።

አንድ ቀን እንዲህ ብላ ጻፈች፦

"አንቺ ስትጽፊ አየር አለው። ሳይሚ የምትባል የድሮ ጓደኛ አለችኝ... ታፍነኛለች። እንዳይከፋት ብዬ ነው የምጽፍላት።"

አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት።

ከዚያ በቪርቫ ስም መለስኩላት።

"ታዲያ ለምን አትተያትም?"

በገዛ ጣቴ ነው የጻፍኩት። በገዛ ጣቴ በፈጠርኳት ልጅ እየቀናሁ።

ያቺ ማክሰኞ ቪርቫን ላጠፋት ወሰንኩ። ተማሪዋ ታማ ቤቷ ሄደች ብዬ ጽፌ ልዘጋው ነበር። ወጥ ቤት ገብቼ ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኝ ድንች ትልጣለች። ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ።

ገጹን ከፈትኩ።

ቪርቫ ጽፋለች።

ከሃያ ደቂቃ በፊት። እኔ ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ ወደ ቤት እየመጣሁ በነበረበት ሰዓት።

"አዲሷ ልጅ የሶልቫ አልጋ ላይ ተቀመጠች" ይላል ጽሑፉ። "ፍራሹ ገና አልቀዘቀዘም። 'ሰው አለበት እኮ' አለች ኤርና። 'የለም፣ ወጥታለች' አለች ልጅቷ፣ በመስኮቱ ወደ ሐይቁ እያየች። መስኮቱ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ ላይ ቢጫ ፕላስተር ተለጥፎበታል።"

ቀና አልኩ።

የወጥ ቤታችን መስኮት... ታች ጥጉ ላይ... ቢጫ ፕላስተር።

"እማዬ" አልኩ። "ይሄ መቼ ተሰነጠቀ?"

"ዛሬ ጠዋት።" ዞር እንኳ አላለችም። "አንቺ ከወጣሽ በኋላ። ወፍ መጥቶ ተላተመበት።"

"ለማን ነገርሽ?"

"ለማን እነግራለሁ ደግሞ? ለወፉ?"

ፓስወርዱን ቀየርኩ። አልበቃኝም፣ አካውንቱን ጨርሶ አጠፋሁት። "ተሰርዟል" የሚለውን በዓይኔ አይቼ ነው የተነሣሁት።

ሐሙስ ዕለት ቪርቫ ሦስት ጊዜ ጽፋ ነበር።

ከሁሉ የሚያመው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ከኔ የተሻለ ትጽፋለች። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ልክ ነው። እኔ ለማለት የምፈልገውንና የሚያቅተኝን ነው የምትለው።

ከሥሩ ደግሞ አንድ ሌላ ጽሑፍ ነበር።

"ሶልቫ ልብሷን አጣጥፋ ጨረሰች። 'እንግዲህ ልሂድ' አለች። ማንም ቆዪ አላላትም።"

ደሜ ፈላ። ሶልቫ የኔ ናት! ለሬታ ጻፍኩላት፦

"ቪርቫ በሶልቫ እጇን አስገብታለች! ሕጉ የት ሄደ?"

"ምን ነካሽ?" አለችኝ ሬታ። "አንቺ ነሽ እኮ የጻፍሽው። ስምሽን እይው።"

አየሁት። የጸሐፊው ስም ሳይሚ ይላል።

እውነቱን አወጣሁት።

"ሬታ፣ ስሚኝ። ቪርቫ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የፈጠርኳት።"

ላክሁት።

ከዚያ፦

"እንዲህ እንደምትይ ነግራኛለች።"

"ማን?"

"ቪርቫ ናታ። 'ሳይሚ አንድ ቀን እኔ ነኝ ብላ ትመጣለች' ብላኛለች። ቅናትሽ አሁንስ በዛ።"

"እየማልኩልሽ ነው!"

"ትናንት በስልክ አንድ ሰዓት አውርተናል፣ ሳይሚ። ቅዳሜ ልንገናኝ ነው። ኩኦፒዮ ባቡር ጣቢያ፣ ስድስት ሰዓት።"

ኩኦፒዮ... እኔ ኬሚ ነበር ያልኩት።

"ላንተያይ ተማምለን አልነበር?" ብዬ ጻፍኩ።

"እሱ ካንቺ ጋር ነው" አለችኝ።

እዚህ ላይ መፍራት ነበረብኝ። አውቃለሁ። ሰው የሆነ ሰው ይፈራል። እኔ ግን ያሰብኩት ሌላ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የኔን ፊት ማየት ያልፈለገች ልጅ፣ የአንድ ወር ጓደኛ ለማየት ስንት ሰዓት ባቡር ላይ ልትቀመጥ ነው!

ቅዳሜ ሄድኩ። ቪርቫን ላያት ነበር። ምኗ ከኔ እንደሚበልጥ ላይ።

በሩ ላይ ጫማዬን ሳስር እናቴ መጣችና አንገቴ ላይ አረንጓዴ ሻርፕ ጠመጠመችብኝ። የራሷ ነው፤ አውሳኝ አታውቅም።

"ብርዱ አይቻልም" አለች። "አድርጊው።"

ጣቢያው ውስጥ የባቡር ሰዓት ከሚለጠፍበት ሰሌዳ ጀርባ ቆምኩ። ባቡሩ ገባ። ሰው ወረደ። አሮጊት ሻንጣ እየጎተቱ... ወታደሮች... እናትና ልጅ...

በመጨረሻ አንዲት ረጅም፣ ፊቷ ጠቃጠቆ የሞላበት ልጅ ወረደች። ሬታ መሆኗን ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

ቆማ ትጠብቃለች። እኔም እጠብቃለሁ። ሰዉ እየሳሳ ሄደ። ባቡሩ ወጣ። ማንም አልመጣም።

መድረኩ ላይ የቀረነው ሁለታችን ብቻ ነን።

ሬታ ዞር አለች። አየችኝ። ፊቷ በራ።

"ቪርቫ?"

እጇን ወደ አንገቴ ጠቆመች።

"አረንጓዴ ሻርፕ! ልክ እንዳልሽኝ!"

ሻርፑን እናቴ ያደረገችልኝ የዛሬ ግማሽ ሰዓት ነው።

አይደለሁም ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያ አስተያየቷ... በሕይወቴ ማንም እንደዚያ ናፍቆ አይቶኝ አያውቅም። ያ ፊት የቪርቫ ነበር። እኔ ፈለግሁት።

"አዎ" አልኩ። "እኔ ነኝ።"

አቀፈችኝ።

"ድምፅሽ እንደ ስልኩ ነው" አለች። "ቁርጥ እሱ።"

እሷን በስልክ አናግሬያት አላውቅም።

የዚያን ቀን ከሰዓት ከዕድሜዬ ሁሉ ደስ ያለኝ ሰዓት ነው፤ ለምን እዋሻለሁ? ገበያ አዳራሹ ገብተን ካላኩኮ የሚባለውን፣ ዓሣ ውስጡ የተጋገረበትን ዳቦ ገዛን፣ ዓሣው ከነዳቦው እየተፈረፈረብን እየሳቅን በላን። ሐይቁ ዳር ሄድን። ቃላቶቹ እንደ ቪርቫ ይመጡልኛል፣ ሳላስብ፣ ቀለል ብለው።

"ያቺ ሳይሚ ምን ትመስልሻለች?" አልኳት።

"እኔ እንጃ... ቤቷን ዘግታ ጥፍሯን የምትበላ።"

ሳቅሁ። ከልቤ ሳቅሁባት።

የሬታ ስልክ ጮኸ።

አየችው። ፈገግታዋ ቆመ።

"እሷ ናት" አለች በሹክሹክታ።

"ማ?"

"ሳይሚ። አሁን ጻፈችልኝ።"

ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል።

"ምን... ምን አለች?"

ሬታ ቀስ ብላ አነበበችልኝ። "'መልካም ቆይታ ለሁለታችሁ። አልተቀየምኩም። እናቴ የሳልመን ዓሣ ሾርባ ሠርታልኛለች፣ ልበላ ነው።'" ስልኩን ደግማ አየችው። "ይገርማል። እንዲህ ቀለል ብላ ጽፋልኝ አታውቅም።"

"እና?"

"እናማ..." ፈገግ አለች፣ ለስልኩ። "እንዲህ ስትሆን ደስ ትላለች። ሳልበድላት አልቀረሁም።"

ያ ምስጥ እንደገና መብላት ጀመረ።

ቻው እንኳ አላልኳትም። ሮጥኩ።

ሰፈራችን ስደርስ ገና ብርሃን ነው። ጎረቤታችን ከደጁ በረዶ ይጠርጋል። "ደህና ዋልክ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ እንደማያውቁት ሰው ራሱን ነቅነቅ አደረገና ወደ አካፋው ተመለሰ።

ቁልፌን ከተትኩ። አልዞረም። ደግሜ ሞከርኩ። አልዞረም።

ደወሉን ተጫንኩ።

እናቴ ከፈተች። ጭልፋ በእጇ ይዛለች፣ የሾርባው እንፋሎት ከኋላዋ ይመጣል። አየችኝ። በጨዋ ደንብ ነው ያየችኝ፣ የሌላ ሰው ልጅ እንደሚታይ።

"አቤት?" አለች። "ማንን ልጥራልሽ?"

"እማ..." ብዬ ጀመርኩ።

ከዚያ የገባት መሰላት፤ ወደ ውስጥ ዞር ብላ ተጣራች።

"ሳይሚዬ! ጓደኛሽ መጥታለች፣ የኔ ማር!"

የኔ ማር...

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዲህ ብላ ጠርታኝ አታውቅም። አንድ ቀን እንኳ።

ወጥ ቤት ውስጥ ወንበር ሲገፋ ተሰማ። ከዚያ እርምጃ... ባዶ እግር... የማይቸኩል... በኮሪደሩ ወደ በሩ...

የምትመጣውን አላየሁም። እኔ የማየው የእናቴን ፊት ነበር። እርምጃው አንድ በቀረበ ቁጥር ፈገግታዋ ይሰፋል... ይሰፋል...

ከዚያ እርምጃው ቆመ፣ እናቴም እጇን ዘርግታ ከበሩ ጀርባ ያለውን ጉንጭ ዳበሰች።