ንጋት ላይ የሚለካ እግር

«ሳቢው እንጂ። ድመት ነው እንዴ የምታሻሽው?» አለች ኦፌሊያ።

ዩራኒ ሳበች። የእናቷን ጉልበት ሥር ቀለበት ሠርቶ የያዘው የካልሲው አፍ በመከራ ለቀቀ፤ ባቷን አልፎ ወረደ፤ ቁርጭምጭሚቷ ጋ ሲደርስ ግን ቀጥ አለ። ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ኦፌሊያ የፍራሹን ጠርዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። እሁድ ጠዋት ነው፤ በሳምንት ውስጥ ቤቷ ተቀምጣ ፀሐይ የምታይበት ብቸኛው ጠዋት።

«ውሃ ላምጣና ላርሰው እማዬ።»

«ቀዝቃዛ እንዳይሆን ብቻ። እንዲህ ያደረገኝ ብርዱ ነው።»

ለብ ባለ ውሃ ሲርስ ካልሲው ለቀቀ። አብሮት የቆዳ ልጣጭ መጣ። እግሯ ከሚታጠፍበት ቦታ ፊት ለፊት የሳንቲም ስፋት ያላት ቁስል አለች፤ ጠርዟ ጠቁሯል፣ መሐሏ ቢጫ ነው። ጠረኗም አለ። ጣቶቿ ጠቁረው ወደ ሰማያዊ አድልተዋል። ዩራኒ የእናቷን አውራ ጣት ነካች። ከፍሪጅ የወጣች ትመስላለች።

«ይሰማሻል?»

«ምኑ?»

«እየነካሁሽ ነው እኮ።»

«እንግዲያው በደንብ ንኪኛ» አለችና ኦፌሊያ ሳቀች። ዩራኒ አልሳቀችም።

ቦጎታ አጠገብ ባለችው የአበባ እርሻ ከተማ ኤል ሮሳል ውስጥ በዚህ ወቅት ስለ እግሯ የምታወራ ሴት የለችም፤ የሁሉም ወሬ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሰሚ አይገኝም። የፍቅረኞች ቀን ሊደርስ ነው። ማያሚ ያሉ ሰዎች ይዋደዱ ዘንድ እዚህ ያሉ ሴቶች በቀን አሥራ አራት ሰዓት መቆም አለባቸው። ጽጌረዳውን በርዝመቱ መለየት፣ ሃያ አምስት ሃያ አምስት አድርጎ ማሰር፣ ተሸክሞ ቀዝቃዛው ክፍል ማስገባት፣ ከዚያ ወደ ሞቃቱ አዳራሽ ተመልሶ ከሀ መጀመር። እግሯ ያበጠባት ሁሉ የምትለው አንድ ነው፦ ብርድ ገባብኝ። ለብርድ መድኃኒቱ ደግሞ ማሞቅና መሸፈን ነው። ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም፤ አያት ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ግን ብርድ የሚባል ነገር አላነሳችም። የኦፌሊያ ደም ስሮች ደክመዋል፣ ደሙ ወደ ላይ መመለስ አቅቶት እግሯ ላይ ይተኛል አለች። ስለዚህ ታች ጠበቅ፣ ወደ ላይ ላላ እያደረገ እግር የሚጨምቅ ካልሲ ታድርግ። ኦፌሊያ ወደ ሥራ ስለቸኮለች መመሪያውን የተቀበለችው ዩራኒ ነበረች።

«ልኩን የምትወስጂው ንጋት ላይ ነው፤ ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ እግሯ ሳያብጥ» አለቻት ነርሷ። «ቁርጭምጭሚቷን ቀጭኑ ላይ፣ ባቷን ወፍራሙ ላይ፣ ከዚያ ከተረከዟ እስከ ጉልበቷ ቁመቱን። ስትተኛ ታውልቀው። ጣቶቿ ከደነዘዙ ወይ ከጠቆሩ ወዲያው አውልቃችሁ ወደ እኔ ትመጣላችሁ። ገባሽ?»

ዩራኒ ራሷን ነቀነቀች። ኪሷ ውስጥ ስልኳ አምስት ጊዜ ነዝሮ ነበር። አምስቱንም መልእክቶች አንድ ሳይቀር አንብባለች፤ ከነርሷ ቃል ግን ግማሹ በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጥቷል።

ኦፌሊያ የእርሻውን አውቶቡስ የምትይዘው ገና ሳይነጋ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስለዚህ ልኩ በአሥር ሰዓት መወሰድ አለበት። ዩራኒ ሦስት ቀን የስልኳን ደወል ሞላች፤ ሦስት ቀን እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ አጠፋችው። በአራተኛው ቀን መሙላቱንም ተወችው። የዚያን ዕለት ከሰዓት የጓደኛዋ የሌይዲ የአሥራ አምስተኛ ዓመት የልደት ድግስ የዳንስ ልምምድ ነበር። «አቦ ዛሬም ካረፈድሽ ቦታሽን ለሌላ ሰጥቻለሁ፤ ቀልድ የለም» ብላ ጽፋላታለች ሌይዲ።

ፋርማሲ የገባችው ልምምዱ ሊጀመር ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው።

«ልኩስ?» አላት ባለፋርማሲው።

ነርሷ የሰጠቻት ወረቀት ላይ ሦስት ባዶ መስመሮች አፍጥጠው አዩዋት። ቤት ረሳሁት ብትል ነገ መመለስ ነው። ሜትሩ ባንኮኒው ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሰው ሁሉ «እግርሽ ቁርጥ የእናትሽን» ይላት የለ? ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች።

«ለራስሽ ነው?»

«አዎ» አለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቀላል ሆነ። ልምምዱ ላይ በሰዓቱ ደረሰች። ቫልስ የሚባለውን ዳንስም፣ እውነት ለመናገር፣ ጥሩ አድርጋ ደነሰች።

ካልሲው ለኦፌሊያ ጠበባት። መጀመሪያ ቀን እሱን ለማጥለቅ ሩብ ሰዓት ፈጀባት፤ ስትጨርስ ላብ በላብ ሆና ነበር።

«አልጠበበሽም?» አለቻት ዩራኒ፣ አይኗን ወደ ሌላ አድርጋ።

«መጥበቅ አይደል እንዴ ሥራው? ደግሞስ በልኬ ነው የተገዛው። ለክተሽኛል አይደል?»

«ለካሁሽ።»

ዩራኒ ለእናቷ የዋሸችው ይህችኑ አንዲት ቃል ነው። የቀረውን እናቷ ራሷ አሳመረችው። የአበባ ማሰሪያው ጠረጴዛ ላይ ለሚቆሙት ሴቶች ሁሉ «ልጄ በተኛሁበት ነው የለካችኝ፤ እንቅልፌን እንኳ ሳትቀሰቅስ» እያለች አወራች። ሲደጋገም «በሻማ ብርሃን» የሚል ተጨመረበት። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ካለፈው ሐሙስ ጀምሮ ደግሞ ብርድ እንዳይገባባት ብላ ስትተኛም ማውለቋን ተወች። ዩራኒ አንድ ቀን «ነርሷ ማታ ይውለቅ ብላ ነበር» ብትላት፣ «ነርሷ ቀዝቃዛው ክፍል ገብታ ታውቃለች?» የሚል መልስ አገኘች።

በሩ ተንኳኳ።

«አላችሁ እናንተ ሰዎች?» ገፍታ የገባችው ጎረቤታቸው ግላዲስ ነበረች፤ እሷም ከኦፌሊያ ጋር አበባ ታስራለች። በአንድ እጇ ጤናዳም የተዘፈዘፈበት የአረቄ ጠርሙስ፣ በሌላው ሜትር ይዛለች። «እኔ እንኳ አንቺን ብዬ አይደለም የመጣሁት ኦፌሊያ። ለዶክተሯ ነው። ዩራኒዬ፣ ነገ ንጋት ላይ ብቅ በይና እኔንም ለኪኝ። በሩን ክፍት እተውልሻለሁ። ባሌ እንዳይነቃ ብቻ ቀስ በይ፤ ሌባ መስለሽው ይጮህና መንደሩን ይሰበስብብናል።»

ከዚያ ቁስሉን አየች። ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«ተመስገን፣ ብርዱ መውጫ አገኘ ማለት ነው» አለች።

«እንዲህ ነው የሚወጣው?» ጠየቀች ኦፌሊያ።

«ታዲያ በምን ሊወጣ ኖሯል? የባሌ እህት ላይማ ሁለት ቦታ ነው ቀዶ የወጣው። በዚህ አረቄ አሽተሽ መልሰሽ ጥብቅ ማድረግ ነው። ክፍት ከተውሽው ተመልሶ ይገባል።»

ኦፌሊያ እጇን ዘረጋች። «በይ መልሺልኝ ዩራኒ። ነገ ሰኞ ነው። የዚህን ሳምንት የአበባ መኪና ሳትጭን የቀረች ሴት ለሚቀጥለው ወቅት ስሟ አይጠራም።»

ዩራኒ እርጥቡን ካልሲ ጨብጣ ቆመች። «ጤና ጣቢያ እንሂድ እማዬ።»

«ለምን?»

«ጣቶችሽ ጠቁረዋል።»

«ጤና ጣቢያ ሄጄ ምን ይሉኛል? ካልሲ አድርጊ ይሉኛል። እያደረግሁ ነው። እነሱ አዘዙ፣ አንቺ ለካሽ፣ እኔ ለበስኩ። ምን ቀረ?»

ምንም አልቀረም። ዩራኒ ያን ጊዜ ገባት። እናቷ ነርሷን አላመነችም፤ አረቄውንም ያን ያህል አላመነችም። ያመነችው ልጇ ንጋት ላይ ተነስታ መለካቷን ነው። ያ እምነት እስካለ ድረስ ካልሲው ነገም እዚያ እግር ላይ ይውላል፣ ያድራል። አሁን «ይቅርብሽ» ብትላት ለምን ትባላለች፤ ለምን ለሚለው ደግሞ ያላት መልስ አንድ ብቻ ነው።

«ልኩ ያንቺ አይደለም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የኔ እግር ልክ ነው። ፋርማሲው ውስጥ የራሴን ለካሁ።»

ግላዲስ የጠርሙሱን ክዳን እየከፈተች ነበር። መልሳ አጠበቀችው።

«ንጋት ላይስ?» አለች ኦፌሊያ።

«ተኝቼ ነበር።»

«ሁሉንም ቀን?»

«አራቱንም።»

ግላዲስ ሜትሯን በጣቷ ላይ ጠቀለለች፤ ሾርባ ጥዳ መምጣቷን በድንገት አስታወሰች፤ ጠርሙሷንም ይዛ ወጣች። በሩን ለመዝጋት ብዙ ጊዜ ወሰደባት።

ኦፌሊያ የልጇን እግር አየች። ቁምጣ ለብሳለች ዩራኒ፤ ባቷ ቀጭን፣ ቆዳዋ አንድ የደም ስር የማይታይበት። እናቷ ለረዥም ጊዜ አየችው፤ እንደሚሸጥ ነገር አገላብጣ አየችው።

«ይሄ የኔ እግር ነው ብለሽ አሰብሽ» አለች በመጨረሻ። እየጠየቀች አልነበረም። ከዚያም «ጫማዬን አምጪ» አለች።

የግራው ጫማ ገባ። የቀኙ እምቢ ስላለ በላስቲክ ነጠላ ጫማ ሄደች።

ጤና ጣቢያው አምስት መቶ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ግማሽ ሰዓት ፈጀባቸው። ኦፌሊያ የልጇን ትከሻ ለመደገፍ እንኳ አልፈለገችም፤ አጥር አጥሩን እየያዘች ነበር የምትራመደው። ዳቦ ቤቱ ጥግ ላይ ስትደርስ ቆመችና ትንፋሿን ሰበሰበች።

«እዚያ ስንደርስ ዝም በይ» አለች። «ሳልለካ በግምት ገዛሁት እላለሁ።»

«ለምን?»

«ግላዲስ እስካሁን ለመንደሩ አዳርሳዋለች። ነገ ማሰሪያው ጠረጴዛ ላይ የሚወራው ይሄ ነው። አንድ ቦታ እንኳ ልጅ ያላት ሴት ልምሰል።»

ከዚያ ቀጣዩን አጥር ይዛ መንገዷን ቀጠለች።

ተረኛዋ ያችው ነርስ ነበረች። ታማሚዎች በሚጠብቁበት ክፍል ጥግ፣ ከመጋረጃ በቀር ምንም በማይጋርደው አልጋ ላይ ኦፌሊያን አስተኛቻት። መጋረጃውም ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚዘጋው። ነርሷ የአውራ ጣቷን ጥፍር ተጭና ለቀቀች፤ ቀለሙ እስኪመለስ በሹክሹክታ ቆጠረች። ስድስት ደረሰች። እንደገና ተጫነች። ስምንት።

«ዛሬ ቁስሉን አጥባለሁ። ነገ በአምቡላንስ ቦጎታ ትሄጃለሽ፤ ደሙ ወደ ጣቶቹ መድረስ አለመድረሱን በመሣሪያ ያዩታል።»

«ነገ እንኳ ሰኞ ነው» አለች ኦፌሊያ። «ሥራ አለብኝ። ማክሰኞ ቢሆንስ?»

«የትኛው ማክሰኞ? እንዲህ ያለ ቁስል ለመዝጋት ወራት ይፈልጋል። ፋሲካን ቆመሽ ካከበርሽ ጎበዝ ነሽ።»

«ጣቷስ?» አለች ዩራኒ።

ነርሷ ወደ እሷ ዞር አለች። «ቦጎታ ያሉት ናቸው የሚያውቁት።» ከዚያ ቅጹን አወጣች። «ለመሆኑ ይሄን ካልሲ ማን ለካው?»

«ማንም አልለካው» አለች ኦፌሊያ። «በግምት ገዛሁት።»

ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀረች። «በግምት። ለልጅሽ አንድ በአንድ ነግሬያት አልነበረም? አይ እናንተ አበባ ቤት ያላችሁ ሴቶች። ጽጌረዳውን በሴንቲ ሜትር ትለያላችሁ፤ አንድ ሴንቲ ሜትር ቢያጥር ትጥሉታላችሁ። የገዛ እግራችሁን በግምት።»

ከመጋረጃው ወዲያ ያለ አንድ ሰውዬ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ አንገቷን አስግጋ አየች። ኦፌሊያ ፈገግ አለች፤ የእርሻው አለቆች ሲቆጧት የምታሳየው ፈገግታ ነው፤ ጥርስ ብቻ ነው ያለበት።

ነርሷ እየደገመች ጻፈች፦ «ታካሚዋ… ያለ ልክ… በራሷ ፈቃድ…»

ዩራኒ እስክሪብቶውን አየች። ሌላ ሁለት ቃል ቢቀረው ነው። ከዚያ ወረቀቱ ይታጠፋል፣ ፖስታ ውስጥ ይገባል፣ ቦጎታ ይሄዳል፤ እዚያም ሌሎች ነጭ ለባሾች አንብበው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እናቷም ያንኑ ጥርስ ታሳያቸዋለች። ዝም በይ ያለቻት እናቷ ናት። የእናት ትእዛዝ ማክበር ደግሞ እንደ ዛሬ ቀሎ አያውቅም።

«እሷ አይደለችም» አለች።

«ዩራኒ» አለች ኦፌሊያ፣ ድምጿን ሳታነሳ።

«ለኪ የተባልኩት እኔ ነኝ። አልለካሁም። የራሴን እግር ለክቼ ነው የገዛሁላት። ለካሁሽም አልኳት። እስከ ዛሬ ጠዋት አታውቅም ነበር።»

ከመጋረጃው ወዲያ የሚስቅ ሰው ጠፋ። ነርሷ የጻፈችውን በአንድ መስመር ሰረዘች፤ ከሥሩ ሌላ ጻፈች። ይህን ጊዜ ድምጿን አላሰማችም። ጽፋ ስትጨርስ ቀና አለች።

«ነገ አብሯት የሚሄድ ሰው ስም ያስፈልገኛል። አምቡላንስ ብቻዋን አይወስዳትም።»

«እኔ» አለች ዩራኒ። «ዩራኒ ቤልትራን ቲባኪራ።» ነገ የሂሳብ ፈተና አለባት፤ እናቷም ታውቃለች። እናቷ አይሆንም እስክትል ጠበቀች።

ኦፌሊያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። አይሆንም አላለችም። ይሁንም አላለችም።

ነርሷ ስሙን ጻፈች።