ማውሱ ከጠረጴዛው ሲነሳ

ጥቁሯ ሳጥን የተገኘችው ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ በተደረገ ፍተሻ ነው። በተጫዋቿ በዬሪም ጠረጴዛ ስር በፕላስተር ተለጥፋ ነበር።

የክብሪት ቀፎ ታክላለች። ማውስ ሲሰኩባት የተኩስ ጌሙን ታሞኘዋለች፤ ጆይስቲክ የተያዘ ይመስለዋል። ጌሙ ደግሞ በአውራ ጣት ማነጣጠር ከባድ ነው ብሎ ጆይስቲክ ለያዘ ሰው ዒላማው ላይ ትንሽ ያግዛል። እንግዲህ ማውሱንም እገዛውንም ጠቅልሎ መውሰድ ማለት ነው። ዓይን ያወጣ ሌብነት።

ውድድሩ የሚካሄድበት የቻንግዎን ከተማው ጌም ቤት ታመሰ። ለፍጻሜ የደረሱት ሦስት ናቸው፤ አሸናፊው ሴኡል ካለ ቡድን ጋር ይፈርማል። ዬሪም ለዚህ ስትል የዓሣ ፋብሪካ ሥራዋን ለቃለች። ከታገደች ደግሞ እገዳው የዕድሜ ልክ ነው።

"አላልኳችሁም?" አለ ምዩንግሆ፣ ከሦስቱ በማውስ የሚጫወተው። "ኮምፒውተሩ ያነጣጥራል፣ ለእሷ ይጨበጨባል።"

"ስትሸነፍ ብቻ ነው ፍትሕ ትዝ የሚልህ" አለችው ዬሪም።

ሦስተኛው ሳንግቾል እንደሷው የጆይስቲክ ተጫዋች ነው። ትከሻዋን ያዝ አድርጎ "አይዞሽ እህቴ" አላት።

ዋና ዳኛዋ ወይዘሮ ሱክጃ ሃያ ዓመት ፖሊስ ነበሩ። መጀመሪያ ምዩንግሆን ኑድል ወደሚቀቀልበት ጓዳ አስገቡት።

"በምሳ ሰዓት የት ነበርክ?"

"እዚሁ፣ ስበላ።"

"ከማን ጋር?"

"ብቻዬን። ምነው እትዬ፣ እኔን ጠረጠሩ?"

"ልጅቷን ትጠላታለህ።"

"ጆይስቲኳን ነው የምጠላው። ሦስቴ አሸንፋኛለች። ብድሬን የምመልሰው ስክሪን ላይ ነው እንጂ በፕላስተር አይደለም።"

አነጋገሩ ደረቅ ነው፤ ግን አመኑት። ሳጥኗ የምትጠቅመው ጆይስቲክ ይዣለሁ ለሚል ብቻ ስለሆነ፣ ተቀምጠው የዬሪምንና የሳንግቾልን ያለፉ ጨዋታዎች ቅጂ ማየት ጀመሩ። ተጫዋቾቹ በመከለያ ውስጥ ስለሚቀመጡ እጃቸው አይታይም፤ የሚታየው ጨዋታው ብቻ ነው። ዬሪም ወደ ኋላ ስትዞር እይታዋ ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ ፍጥነት ይሄዳል። የሳንግቾል ግን ይዞራል፣ ለዓይን ጥቅሻ ያህል ይቆማል፣ እንደገና ይዞራል። ሦስቴ ደጋግመው አዩት። ምዩንግሆን መልሰው ጠሩት።

"ይኼ ለምንድነው የሚቆመው?"

ምዩንግሆ ሊስቅ ጀምሮ ሳቁን ዋጠው። "ማውስ ምንጣፉ ጫፍ ሲደርስ አንስተን ወደ መሐል እንመልሰዋለን። እስክናወርደው እይታው ይቆማል። ጆይስቲክ ምን ጫፍ አለው? እስክትለቀው ይዞራል።"

"ስለዚህ ዬሪም?"

መናገሩ ከበደው።

"ዬሪም እውነተኛ ናት" አለ በመጨረሻ።

ሳንግቾል ቅጂውን ሲያሳዩት አልካደም። ያበጠ የእጅ አንጓውን እያሸ ወለሉን አየ።

"ሰባት ዓመት በማውስ ለፋሁ። ከዚያ ጆይስቲክ የያዘ ሁሉ እየታገዘ ያልፈኝ ጀመር። የኔን ድካም ማን አገዘ? የድርሻዬን ልውሰድ አልኩ። ዛሬ ፍተሻ አለ ሲባል ጨነቀኝ።"

"ታዲያ ለምን የእሷ ጠረጴዛ?"

"ሰዉ ቀድሞም ይጠረጥራታል። ማንም የሚከራከርላት አልመሰለኝም።"

ዬሪም በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች። አሳዘናትም፣ አናደዳትም።

"አይዞሽ ያልከኝ ለጥፈህ መጥተህ ነው?" አለችው። "ማውስህን በግልጽ ይዘህ ብትመጣ እኮ ልታሸንፈኝ ትችል ነበር።"

ወይዘሮ ሱክጃ መታገዱን ነግረውት የውድድር ካርዱን ከአንገቱ አወለቁ።

ፍጻሜው በሁለቱ መካከል ሆነ። ምዩንግሆ ሰው ሁሉ እያየው ወገቡን አጥፎ ለዬሪም እጅ ነሳ። "ተሳስቻለሁ" አለ። "አሁን ግን አልምርሽም።"

"ሞክረኛ" አለችው። ከዚያ ወደ ዳኛዋ ዞረች። "እትዬ፣ መከለያዬ ይነሳልኝ። እጄን ሰው ሁሉ ይየው።"

"የኔም ይነሳ" አለ ምዩንግሆ።

መከለያዎቹ ተነሱ። ሳንግቾል ቦርሳውን አንጠልጥሎ በሩ ጋ ቆሞ ቀርቷል፤ ዓይኑ የምዩንግሆ ማውስ ላይ ነበር። ወይዘሮ ሱክጃ አዩት፣ ግን ውጣ አላሉትም።