የየሺአረግ ወረፋ

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ሰገነት ሐይቁ ዳር ወደቡ ላይ ስትደርስ የሺአረግ በነፍስ አድን ጀልባው ወለል ላይ በጋቢ ተሸፍና ነበር። ባሏ ፍቅረ ማርያም አጠገቧ ተቀምጦ ስልኩን ጨብጧል።

«ምጥ ጠናባት፤ ደም ፈሰሳት» አለ። «ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ከደሴቱ በስልኬ የአደጋ ጥሪ ላክሁ። ‹ተቀብለናል› አለኝ። ጀልባው የመጣው ስድስት ሰዓት ነው! በመንገድ አለፈች። ተሳላሚው ግን ቲኬቱን እየቆረጠ በጀልባ በጀልባ ሲገባ ነበር የዋለው!»

የነፍስ አድን ጀልባውን የምታሰማራው ሰሚሐ ዓይኗ ቀልቷል። «ጀልባው እዚሁ ታስሮ ነው የቆየ። ጥሪው ለእኔ የደረሰኝ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ወዲያው ሰደድሁት።»

ሰገነት ቲኬቱንም የአደጋ ጥሪውንም በኢንተርኔት ወደሚቀበለው ድርጅት፣ ዓባይ ማዶ ወደሚባለው ሰፈር ሄደች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ገድሉ ቢሮው ውስጥ ብቻውን ነበር።

«ለበዓሉ ሕዝቡ ባንዴ ገባ፤ ሲስተሙ ወደቀ» አለ። «መሞቷንም ገና ከእርስዎ መስማቴ ነው። ከአራት ሺህ ሰው ኋላ የቆመን ጥሪ ማን ያያል? ብሩክን ይጠይቁ፤ የሠራው እሱ ነው።»

ብሩክን ያገኘችው ፔዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ከፈተና ሲወጣ ነው።

«እንዳይወድቅ ብዬ እኮ ነው ወረፋ የሠራሁለት!» አለ። «ስንት ሺህ ጥያቄ ቢመጣ ተሰልፎ በተራው ይስተናገዳል። የአደጋ ጥሪ ደግሞ የራሱ ወረፋ አለው፤ ከቲኬት ጋር አይገናኝም።» ላፕቶፑን ከፍቶ መዝገቡን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «ማነው የቀላቀላቸው? ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ፣ በእኔ ስም!»

«የይለፍ ቃልዎን ማን ያውቃል?»

«ሰሚሐና ጋሽ ገድሉ።»

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ገድሉ ቢሮ ሰበሰበቻቸው።

«ሲስተሙ አልወደቀም» አለች። «ረፋዱን ሙሉ ቲኬት ሲቆርጥ ነበር። ሁለቱን ወረፋዎች የቀላቀለ ሰው ነው። ብሩክ ከሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ፈተና ላይ ነበር፤ ስልኩንና ላፕቶፑን በር ላይ አስረክቧል፤ ፈታኙን ጠይቄያለሁ። መዝገቡ እንደሚያሳየው ለውጡ የተደረገው ከዚህ ቢሮ ኮምፒውተር ነው፤ ሰሚሐ ደግሞ ከወደቡ አልተነቃነቀችም፤ ጀልባ ነጂዎቹ ምስክር ናቸው። የቀሩት እርስዎ ነዎት፣ አቶ ገድሉ።»

«ብቀላቅልስ? ጥሪውን አላየሁትም!»

«አይተውታል። ጥሪው ሲገባ ከፊቱ አራት ሺህ አንድ መቶ አሥራ ሁለት ቲኬት ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት ብሩክ መዝገቡን ሲከፍትልኝ ነው። እርስዎ ግን ከዚያ በፊት ‹ከአራት ሺህ ሰው ኋላ› አሉኝ። መሞቷን ያልሰማ ሰው የት እንደ ቆመች በምን አወቀ?»

ገድሉ አንገቱን ደፋ። «እንግዶች መጥተው ነበር… ቲኬቱ እንዴት እንደሚፈጥን ላሳያቸው ብዬ ለአደጋ የተያዘውንም መስመር ለቲኬቱ ሰጠሁት። ተራዋ ይደርሳል ብዬ ተውሁት።»

ፍቅረ ማርያም ከወንበሩ ተነሣ። «ምጥ ተራ ይጠብቃል? ለሰሚሐ አንድ ስልክ ብትደውል ምን ነበረበት? ጀልባው እኮ ታስሮ ነበር!»



ሰገነት በሥራዋ ሽማግሌውንም ሌባውንም አንቱ ማለት ልማዷ ነው። ካቴናውን አወጣች።

«ተነሥ!» አለችው።